የባ ሙሎንጎቲ ባትሪ

ካሉባ ሁለቱን ጀሪካን በረንዳው ላይ ስታስቀምጥ ቤቱ ዝም ብሏል። ዝምታውን ወዲያው አላስተዋለችውም። የሰፈሩ ቧንቧ ከደረቀ ወዲህ ውሃ የሚቀዳው ከቤተ ክርስቲያኑ ጉድጓድ ነው፤ ከዚያ ስትመለስ የሰልፉ ጭቅጭቅ ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ይቆያል። እሱ ሲወጣላት ነው የገባት። ከአጎቷ መኝታ ቤት ቀንም ሌትም የማይቋረጠው የማሽኑ ትንፋሽ አይሰማም።

አጎቷ ባ ሙሎንጎቲ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ትከሻቸውን ግድግዳው ላይ ጥለው ነበር። የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ እንዳለ ነው። ዓይናቸው ወደ በሩ ያያል። ካሉባ የማሽኑን ማብሪያ አጠፋችና መልሳ አበራችው፤ ምንም የለም። አጠገቡ ባለው ቀይ ሶኬት ላይ የእሷ ስልክ እንደተሰካ ነበር። ነቀለችው። ከዚያ ወጣችና ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠች፤ ክዳኑን ገጠመች፤ ጀሪካኖቹን ደፍታ አስቀመጠች። ጎረቤት የጠራችው ይህን ሁሉ ከጨረሰች በኋላ ነው። በኋላ ሰው ሁሉ የጠየቃት ይህንኑ ነበር፤ ለምን መጀመሪያ ውሃውን ገለበጥሽ? 

ባ ሙሎንጎቲ በሉዋንሺያ ከመሬት በታች መዳብ ሲቆፍሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ «ባ» የሚባሉትም በክብር ነው፣ እንደ «አቶ»። ማዕድኑ ጡረታና ቤት ሰጣቸው፤ ሳንባቸውን ግን እዚያው አስቀረው። ንዶላ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው ሮይዳ ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራውን ማሽን ገዛችላቸው። ማሽኑ የሚሠራው በመብራት ነው፤ መብራት ደግሞ በፈረቃ ነው። ስለዚህ የሮይዳ ባል ሞሪስ፣ ሶላር እየገጠመ የሚተዳደረው፣ ጣሪያው ላይ ፓነል ሰቀለ፤ በረንዳው ጥግ ባለችው ዕቃ ቤት ውስጥ ባትሪና ኢንቨርተር አስቀመጠ። ከባትሪው የሚመጣው መስመር በቀይ ሶኬት ተለየ። መብራት ሲሄድ የቤቱ ነጭ ሶኬቶች ሁሉ ይሞታሉ፣ ቀዩ ይቀጥላል። «ቀይ ሶኬት የአባቴ ሳንባ ነው፤ ማንም እንዳይነካው» ብላ ነበር ሮይዳ ያኔ።

አጎቷን የምታስታምመው ካሉባ ግን ስልኳን ትሰካበት ነበር። ይህን ስታስብ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር መምጣት ነበረበት። አልመጣም። እጇን ስታየው የሌላ ሰው እጅ መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ልቅሶው ተሰበሰበ። እንደ ወጉ ሳሎኑ ባዶ መሆን አለበት፤ ሴቶቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ዕቃውን የሚያወጡት የቀልድ ዘመዶች ናቸው። የምሥራቅ ሰዎችና ቤምባዎች ከጥንት ጀምሮ «ጦጣ በላ»፣ «አይጥ በላ» እየተባባሉ ሲዘላለፉ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ እንደ ባ ሙሎንጎቲ ያለ ቤምባ ሲሞት ሥራውን የምሥራቅ ሰው ይሠራል፣ እየሠራም ሟቹንና ዘመዶቹን ይሰድባል፤ የሚቀየም የለም። ጎረቤታቸው፣ የምሥራቁ ሰው ባ ንጉሉቤ፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣና ሶፋውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ የሟቹ ልጅ ግሬሻን ለጌም ብሎ ያጠናከራትን ኮምፒውተር እያነሳ ጀመረ። ትልቁ ቡፌ ላይ ሲደርሱ አቃሰተ።

«ይሄ ሽማግሌ ማዕድኑን ሰርቆ እዚህ ውስጥ ደብቆት ኖሯል» አለ።

ያን ጊዜ ሞሪስ ከሮይዳ ጋር ከንዶላ ደርሶ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። የቤቱ አማች ቢሆንም የማስገቢያው ድግስ ገና አልተደገሰለትም። እስኪደገስለት ድረስ የአማቶቹን ደፍ አይረግጥም፤ ከሰርጉ ጀምሮ ምግቡን የሚበላው በረንዳ ላይ ነው። ቀይ ሶኬቶቹ ሲገጠሙ እንኳ ወደ ውስጥ የገቡት ረዳቶቹ ነበሩ፤ እሱ በመስኮት ሲያዝዝ ነበር። አሁንም በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ተናገረ።

«ቀስ በሉ። ከቡፌው ኋላ ገመድ አለ፤ እንዳትበጥሱት።»

ባ ንጉሉቤ ጎንበስ ብሎ አየ። እውነትም ገመድ ነበር። ነቀለና ጠቀለለው። «ይሄ አማች ግድግዳ ሰንጥቆ ያያል» አለ። «ጦጣ ስትበሉ ዓይናችሁ በረታ መሰለኝ።»

የሳቀ አልነበረም። ካሉባ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉም ከሩቅ እንደሚነገር ራዲዮ ነበር። ሮይዳ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሮይዳም አታለቅስም፤ የእሷ ግን ቁጣ ነው።

«ካውያው ማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የቤተ ክርስቲያን ልብስሽ ተተኩሶ ተሰቅሏል። ማሽኑን ምን ሊያጠፋው ይችላል ብዬ ሞሪስን ጠየቅኩት። ካውያ ባትሪን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው አለኝ።»

 ሮይዳ የካሉባን ዝምታ እንደ መልስ ወስዳ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ኢንስፔክተር ሾንጋ በማግስቱ በዩኒፎርማቸው ላይ ቺቴንጌ የሚሉትን የሴቶች ጨርቅ አገልድመው መጡ። አጭር፣ ወፍራም፣ ሲራመዱ የማይሰሙ ሴት ናቸው። ንጎኒ ናቸው፤ ማለትም የምሥራቅ ሰው። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው መሬት ተቀመጡና ሐዘኑን በአጭሩ አለቀሱ። ሲጨርሱ አፍንጫቸውን ጠረጉና ዙሪያውን ተመለከቱ።

«ጦጣ የሚበሉ ሰዎች ቤት ገና ከበሩ ይሸተኛል» አሉ።

«አይጥ በልተሽ ነው የመጣሽው» አለች አንዲት አሮጊት ከጥግ። «የሸተተሽ የራስሽ አፍ ነው።»

ከዚያ በኋላ እንደ ፖሊስ የተመለከታቸው አልነበረም፤ የፈለጉበት ገቡ። ካውያውን አንስተው ክዳኑን ከፈቱ። አመድ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄኛው የሚጠጣው ከሰል ነው» አሉ ለሮይዳ።

ሮይዳ አመዱን አየች። «እንግዲያው ስልኳ ነው። ቀዩ ላይ ትሰካ ነበር።»

ሾንጋ ወደ ካሉባ ዞሩ። «ሰክተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

 ሾንጋ ለቤተሰቡ ሽማግሌዎች ያሉት ግልጽ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ዘመዶች ተቀምጠው የሞቱን ታሪክ የሚሰሙበት ኢሳምቦ አለ፤ አስታማሚዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትናገራለች። እስከዚያ ካሉባ ከዚህ ግቢ አትወጣም። «ኢሳምቦው ሲያልቅ ወይ ወደ ጣቢያ ይዣት እሄዳለሁ፣ ወይ ያለ እሷ እመለሳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ማድ ቤት መጥተው ከካሉባ አጠገብ ተቀመጡና አትክልት መቀንጠስ ጀመሩ። ስለ ሞቱ አልጠየቋትም። ስለ ድምፅ ነበር የጠየቁት፤ መብራት ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ምን ይሰማ እንደነበር።

«የያማ ማሽን» አለች ካሉባ። አጎቷን የምትጠራቸው «ያማ» ብላ ነው።

«እሱ ብቻ?»

ካሉባ አሰበች። ማሰብ ከባድ ነበር፤ ጭቃ ውስጥ እንደ መራመድ። «ከሳሎንም እንደ ጉርምርምታ ይመጣ ነበር። ግድግዳው የማሽኑን ድምፅ የሚመልሰው ይመስለኝ ነበር።»

ሾንጋ ቅጠሉን ድስቱ ውስጥ ጨመሩ። ሌላ አልጠየቁም።

ማዕድ ሲደርስ ካሉባ ለወንዶቹ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ ይዛ ወጣች። ወንዶቹ ግቢው ውስጥ እሳት ዙሪያ ነበሩ፤ ሾንጋ ግሬሻንን ለብቻው ግንድ ላይ አስቀምጠውታል። ካሉባ እጅ ልታስታጥብ ቆመች፤ ሂጂ ያላት አልነበረም።

ግሬሻን ስለ ኮምፒውተሯ ሲናገር አንደበቱ ይፈታል። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንደ ደከመች በሬ ሆናለች አለ። ማንም ሳይነካት ማራገቢያዋ ይጮኻል፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ሰው ሻይ አፍልቶ ይመለሳል። የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍቶ ማን እንደሚያደክማት ሊያይ ሞክሯል።

«ዝርዝሩን ስከፍተው ፀጥ ትላለች። ሁሉም ደህና። ስዘጋው እንደገና ትጮኻለች።»

«እንደ ፌንጣ» አሉ ሾንጋ። «ስትጠጋው ዝም፣ ስትርቅ ይጮኻል።»

«በትክክል።»

«አታጠፋትም ነበር?»

«ከጠፋች ለመነሳት ዕድሜ ይፈጅባታል። ስክሪኗን ብቻ ነው የማጠፋው።»

«መብራት ሲሄድስ?»

«ያው ትጠፋለች።»

«ሲመጣስ? ያን ጊዜም ለመነሳት ዕድሜ ይፈጅባታል?»

ግሬሻን እጁን ማሻሸት አቆመ። እጁ ላይ ውሃ እየፈሰሰ ነው፤ ካሉባ መቅዳት አላቆመችም።

«አይ» አለ። «ፊልሜ ካቆምኩበት ነው የሚቀጥለው። ተሽሏት ነው ብዬ ነበር።»

ሞሪስን ያነጋገሩት በረንዳው ላይ ነው። ትሑት ሰው ነው፤ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ባትሪ እንደ ሰው ያረጃል አለ፤ አቧራና የማሳ ቃጠሎ ጭስ ፓነሉን ያለብሰዋል አለ፤ ሰው ደግሞ ሳያስብ አንድ ነገር ይሰካል። ውስጥ ምን እንደተሰካ ግን እሱ ሊመሰክር አይችልም።

«ይህን ደፍ አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም» አለ። «ወጉን ያውቁታል። እናንተ ምሥራቆች ግን አታከብሩት ይሆናል።»

«እኛ አማቻችንን ቶሎ ነው የምናስገባው» አሉ ሾንጋ። «አይጡ ሳይቀዘቅዝ።»

ሞሪስ በትሕትና ፈገግ አለ።

በዚያው ቀን መብራት ሄደ። የልቅሶው ሰው ስልኩን ሁሉ በመኝታ ቤቱ ቀይ ሶኬት ላይ ደርድሮት ነበር፤ ከባትሪው መስመር ላይ ያሉት የበረንዳውና የማድ ቤቱ አምፖሎችም በርተዋል። ፈረቃው እስኪያልቅ አንድም አልጠፋም። ባ ንጉሉቤ ጉርሻውን እየጠቀለለ ወደ አምፖሉ ቀና አለ።

«ሙሎንጎቲ ለገዛ ትንፋሹ የሰሰተውን ባትሪ ለእኛ ስልክ ሰጠን። ቤምባ ደግነቱ ከሞተ በኋላ ነው።»

ሾንጋ መብላታቸውን አቆሙ። አምፖሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

ቀብሩ በማግስቱ ተፈጸመ። ካሉባ አፈሩ ሲወርድ ድምፁን ሰማች፤ ሌላ ምንም አልተሰማትም። ሰዎች እንባ የሌለበት ፊቷን እያዩ ሲንሾካሾኩ አየች። ትክክል ናቸው ብላ አሰበች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ሞቶ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰካችውም።

ከቀብር ሲመለሱ ሾንጋ ያልተለመደ ነገር ጠየቁ። መብራት ሲሄድ ካሉባ የኦክስጅኑን ማሽን እንድታበራው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ የከለከለ ግን አልነበረም። መብራቱ ሄደ፤ ካሉባ ማብሪያውን ጫነች፤ ማሽኑ ተነፈሰ። ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ አንገታቸውን ወደ መኝታ ቤቱ በር አዞሩ። ሮይዳ ተነስታ ወጣች። ማሽኑ ባዶ አልጋ አጠገብ ሲተነፍስ፣ ሲተነፍስ፣ ሲተነፍስ ዋለ። መብራት ተመልሶ ሲመጣ ገና ይተነፍስ ነበር።

«ባትሪው አላረጀም» አሉ ሾንጋ ለራሳቸው ይመስል። «ጭሱም አልገደለውም።»

ቀጥለው ኮምፒውተሯን ከዕቃ ቤት አስመጡ። ግሬሻን አገጣጠማት፤ ካሉባ ገመዱን ያዘች። ሾንጋ እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር መዳፋቸውን ሣጥኗ ላይ አድርገው ቆዩ። ትሞቃለች። የሚሠሩትን ዝርዝር አልከፈቱም። «ፌንጣውን በድምፁ አልከተለውም፤ ጉድጓዱን ነው የምፈልገው» አሉና ኮምፒውተሯ ስትነሳ አብረዋት የሚነሱትን ነገሮች ዝርዝር አስከፈቱ። እዚያ መደበቂያ የለም። አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይሄ የፕሪንተር ረዳት ነኝ ይላል። ፕሪንተር አላችሁ?»

«ኖሮን አያውቅም» አለ ግሬሻን።

«መቼ ነው የገባው?»

ግሬሻን አየና ቀኑን ነገራቸው። እሑድ ነበር። ሾንጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ባ ንጉሉቤን ጠርተው ያን ገመድ እንዳገኘው አድርጎ እንዲመልሰው ነገሩት። በማግስቱ ፈረቃ፣ ባትሪው እንደገና ሞልቶ፣ ማሽኑንም ኮምፒውተሯንም አብረው አበሩ። ማሽኑ ፀሐይ ልትጠልቅ ሰማይ ገና ሳይቀላ፣ መብራት ሊመጣ ብዙ ሲቀረው፣ አንድ ጊዜ ረጅም አቃስቶ ዝም አለ። ማስጠንቀቂያው ጥቂት ጊዜ ጮኸና እሱም ደከመ። ካሉባ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያን ቀን እሷ ያልሰማችው ይህንን ነው። አሁን ሰማችው።

ኢሳምቦው በቀጣዩ ጠዋት ተቀመጠ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ከግድግዳው ሥር፣ ሮይዳና ግሬሻን ከጎናቸው፣ ሴቶቹ በዙሪያው። ሞሪስ እንደ ልማዱ ከደፉ ውጪ፣ በረንዳው ላይ፣ በሩ አጠገብ ነበር። ሾንጋ ከባ ንጉሉቤ ጋር በቀልድ ዘመዶች ቦታ ተቀመጡ።

ካሉባ ተናገረች። ድምፅዋ አይወጣም አይወርድም። በሽታው እንዴት እንደጀመረ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያስላቸው፣ ምን እንደበሉ፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ያማ «ቶሎ ነይ» እንኳ እንዳላሏት፣ ምክንያቱም ባትሪውን ሁሉም ያምነው እንደነበር። ስልኳን አልደበቀችም። ውሃውን መጀመሪያ መገልበጧንም አልደበቀችም። ወጉ ሁሉንም ስለሚጠይቅ ከሞቱ በኋላ የሆነውንም ጨመረች፤ ባ ንጉሉቤ ስለ ቡፌው ያለውን፣ ሞሪስ በመስኮት ስለ ገመዱ የተናገረውን፣ ባ ንጉሉቤ የመለሰለትን።

ስትጨርስ ሽማግሌው ወደ ሾንጋ አዩ።

«ልጅቷ ከእኔ የተሻለች ፖሊስ ናት» አሉ ሾንጋ። «ሁሉንም ነገረቻችሁ፤ ምን እንደነገረቻችሁ ብቻ አታውቅም።»

ከዚያ በቀስታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው፣ ተናገሩ። ስልክ ከዚያ ባትሪ የሚወስደው ከበርሜል አንድ ጭልፋ ነው፤ የልቅሶው ሰው ስልክ ሁሉ ተሰክቶ እንኳ አልጎደለም። ማሽኑ ብቻውን ፈረቃውን ሙሉ ተንፍሷል፤ ይህንም ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ስለዚህ ያን ቀን ሌላ ጠጪ ነበር። ልቅሶው ሲመጣ ከሳሎኑ የወጣ፣ ከወጣም በኋላ ባትሪው የዳነለት ጠጪ።

«ኮምፒውተር አንዳንዱን ሥራ ፊት ለፊት ይሠራል፣ አንዳንዱን ከጀርባ። ከጀርባ የሚሠራውን ባለቤቱ አያየውም፤ መድከሟን ብቻ ያያል። የግሬሻን ኮምፒውተር ከጀርባዋ ያዘለችው ፕሮግራም ሌት ተቀን ስሌት እየሠራ በስልክ ውስጥ ብቻ የሚኖር ሳንቲም፣ ዲጂታል ገንዘብ የሚሉትን፣ ያወጣል። ስሌቱ መብራት ይበላል፤ ሳንቲሙ ላስገባው ሰው ይሄዳል። ሊያዩት ሲመጡ ያቆማል።»

ግሬሻን ቀና አለ። «ከኢንተርኔት ነው የገባው? ፊልም ሳወርድ?»

«እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። አንተን ጠርጥሬ ነበር፤ አትቀየም። ግን ከኢንተርኔት የሚመጣ ነገር እጅ የለውም። ስፒና ከነጩ ነቅሎ ቀዩ ላይ አይሰካም።»



«ከቡፌው ኋላ ሁላችሁም የረሳችሁት ቀይ ሶኬት አለ» አሉ ሾንጋ። «ከእሱ የተነሳ ገመድ በግድግዳው ሥር በክሊፕ ተይዞ ወደ ኮምፒውተሯ ሣጥን ይሄዳል። ስክሪኑ ግን ነጩ ላይ ነው የቀረው። ስለዚህ መብራት ሲሄድ ስክሪኑ ይጨልማል፣ እናንተም ጠፋች ትላላችሁ፤ ሣጥኗ ግን ከያማ ማሽን ጋር አንድ ባትሪ እየጠባች ትሠራለች። ካሉባ ጉርምርምታውን ሰምታዋለች። ግሬሻን ፊልሙ ካቆመበት ሲቀጥል አይቷል። ግሬሻን ቢሆን ያደረገው ስክሪኑንም አብሮ ይሰካ ነበር፤ በፈረቃ ፊልም ማየት ከሁሉ በላይ የሚመኘው እሱ ነው። ስክሪኑን የተወው ሰው እንዲታይ አልፈለገም።»

ሮይዳ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ነበር። 

«ፕሮግራሙ የገባው አባታችሁን ለምርመራ ንዶላ በወሰዳችሁበት እሑድ ነው። ሮይዳ፣ አንቺ ሆስፒታል ከአባትሽ ጎን ነበርሽ። ካሉባም ግሬሻንም አብረው ነበሩ። የቤቱን ቁልፍ ለማን ተዋችሁ?»

ሮይዳ ወደ በረንዳው በር አየች። «ፓነል ሊቀይር ነበር» አለች። «ጣሪያው ላይ።»

«ከጣሪያው ወረደ» አሉ ሾንጋ። ወደ በሩ ዞሩ። «ሞሪስ፣ ግባ።»

ሞሪስ ተነስቶ ቆመ። «አልገባም» አለ። «ወጉ አይፈቅድልኝም።»

«ከገባህማ ቆየህ። ሶኬቶቹ ሲገጠሙ ያ ገመድ አልነበረም። የቤቱ ሰው አያውቀውም፣ ቡፌው ሸፍኖታል፣ አንተ በረንዳ ላይ ነህ። ባ ንጉሉቤ ግድግዳ ሰንጥቆ ያያል ያለህ ቀልዱን ነው። ግድግዳ ሰንጥቆ የሚያይ ሰው የለም፤ ገመዱን የዘረጋው ሰው ግን ሳያየውም ያውቀዋል። የሥራ ልማድህ ነው ያናገረህ፤ ባለሙያ ገመድ ሲበጠስ ማየት አይችልም።»

ሞሪስ የበሩን መቃን ያዘ። አንድ እግሩ ደፉ ላይ ነበር፤ አየው፤ አላነሳውምም አላወረደውምም። ሲናገር ድምፁ የካሉባን ይመስል ነበር፤ አይወጣም አይወርድም።

«የእኔ ቤት ባትሪ የለውም» አለ። «የሰው ጣሪያ ላይ ስሰቅል ነው የምውለው። እዚህ ጠንካራ ኮምፒውተር ነበረች፣ ባትሪም ነበረ። አሰላሁት። ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ያሰላሁት ግን በጠራ ሰማይ ነው። ጭሱን አላሰብኩትም።»

«አባቴ እንደሞተ ስነግርህ ምክንያቱን አወቅህ» አለች ሮይዳ።

«አወቅኩ።»

«ካውያ አልከኝ።»

 ሽማግሌው ወለሉን አዩ። ባ ንጉሉቤ የሚሳደብበት ተራው ነበር፤ ቃል አልወጣውም።

ሾንጋ ተነስተው ቺቴንጌያቸውን አጠበቁ። ሳንቲሙ የሚገባበትን ቦርሳ የሚያጣሩ ሰዎች ዘንድ እንደላኩ፣ ሕጉ የሞቱን ስም ምን እንደሚለው ዳኛ እንደሚወስን ተናገሩ። ካሉባን አለፉና በሩ ላይ ቆሙ።

«ያለ አንቺ ነው የምመለሰው» አሏት።

ካሉባ ራሷን ነቀነቀች። አንድ ነገር እስኪመጣ ጠበቀች፤ እፎይታ፣ ወይ ልቅሶ። ሾንጋና ሞሪስ ጎን ለጎን ወደ ግቢው በር ሲሄዱ አየች፤ ከዚያ ሊታጠብ የቀረውን ድስት አስታወሰች።

ከሰዓት በኋላ ባ ንጉሉቤ ዕቃውን መመለስ ጀመረ። ሶፋው ገባ፤ ቴሌቪዥኑ ገባ። ቡፌው ላይ ሲደርስ ወዴት እንደሚያደርገው ጠየቀ። ሮይዳ ከነበረበት ትይዩ ያለውን ግድግዳ አሳየችው። ቀዩ ሶኬት ባዶ ግድግዳ ላይ ለብቻው ቀረ፤ ዙሪያው ቡፌው ሸፍኖት የኖረው ቀለም ከሌላው ይልቅ አዲስ ነው።

ሮይዳ ካሉባን አላየቻትም። ግድግዳውን እያየች ተናገረች።

«እናትሽ እኔ ጋ ደውላ ነበር። ስልክሽ አይሠራም አለች።»

«ጠፍቷል።»

«ሂጂ ሰኪው።»

«የት?»

ሮይዳ ለመናገር ሁለት ጊዜ ሞከረች። «ቀዩ ላይ» አለች።

ካሉባ ቻርጀሯን ከቦርሳዋ አወጣች። መብራት ሄዶ ነበር፤ ነጮቹ ሶኬቶች ሞተዋል። ጎንበስ ብላ ሰካችው። የስልኩ ትንሽ መብራት በራች። ተነስታ አልሄደችም፤ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር እስኪጠፋ ጆሮዋን ሰጥታ ጠበቀች። የጠፋ ነገር አልነበረም።